አባቴንስ የት አደረግኸው?

እናቴ በሞተች በአርባኛው ቀን፣ የተዝካሩ ሰው መርቆ መርቆ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ጓደኛዬን አንድ ነገር ጠየቅኩት። መጠየቄን ወዲያው ተጸጸትኩበት። ጸጸቱ አልፏል። የሰጠኝ መልስ ግን ይኸው ስምንት ወር ሙሉ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

ጓደኛዬ ሙስሊም ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነው። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተገናኘን፤ ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። ሁለታችንም ቀያሾች ነን። በእናቴ ለቅሶ ሰሞን እኔ ቁጭ ብዬ ከማልቀስ በቀር ምንም አልሠራሁም። ውሃ ያስመጣው፣ ወንበር ጎደለ ብሎ ከዕድሩ ጋር የተነታረከው፣ ከሩቅ ለመጡ ዘመዶቼ ማደሪያ የፈለገላቸው እሱ ነው። በአርባዋም ለሙስሊም እንግዶች በጉን ያረደው እሱ፣ ወጡን የሠሩት እናቱ ናቸው።

ከድንኳኑ ጀርባ ጀሪካን አዘንብሎ እጁን ሲታጠብ አገኘሁት። ደክሞኝ ነበር። ድካም አፍ ይፈታል መሰለኝ። «እስቲ ሳትዋሸኝ ንገረኝ» አልኩት። «እናቴ አሁን የት ያለች ይመስልሃል?»

ቶሎ አልመለሰም። ሳሙናው ላይ የተጣበቀውን አሸዋ በአውራ ጣቱ ጠረገ። አለቀለቀው። ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። «እሱን ለአላህ ትቻለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ አባቴንስ የት አደረግኸው?»

አባቱ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቃሬዛ ተሸክሜ እስከ መቃብራቸው ሸኝቻቸዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ለልጃቸው ደብተር ሲገዙ ለኔም የሚገዙልኝ ሰው ነበሩ። «ነፍስ ይማር» ብዬ ከልቤ አልቅሻለሁ። ግን በኔ ሃይማኖት መሠረት አሁን የት እንዳሉ አንድም ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ። የእናቴ ጊዜ ግን ከአርባ ቀን በላይ አልታገሥኩም።

መልስ አልሰጠሁትም። አክስቴ ጠራችኝና ሄድኩ። ስለጠራችኝ ተመስገን ብዬ ነው የሄድኩት።

የመዝጊያ ቃል

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ እኛ አገር መዝጊያ ቃል አለን። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው።» አልንቀውም። ከተማችን ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም የተጋጨበትን የ2014 ዓ.ም. ሚያዝያን ያየ ጎንደሬ ይህን አባባል ሊንቅ አይችልም። ያኔ ለቀብር ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው አለ። ጓደኛዬና እኔ ያን ሰሞን በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» በቃ፣ ይኸው ነው።

አባባሉ ግን አብሮ ለመኖር የወጣ ደንብ ነው። ማን ትክክል እንደሆነ አይነግረንም፤ ለዚያም አልተባለ። እኔ እንደ ክዳን ነበር የተጠቀምኩበት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ሃያ ምናምን ዓመት ስለ ኳስ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሚስቶቻችን ስናወራ ኖረን ስለ እግዚአብሔር አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ አላወራንም። የሱን ጾም አውቃለሁ፣ የኔን ያውቃል። በረመዳን እሱ ፊት ውሃ አልጠጣም። በዓቢይ ጾም እሱ ሥጋ እያማረው ሽሮ ቤት ይከተለኛል። እንዲህ እየተሳሰብን፣ እያንዳንዳችን ሌላው ትልቁን ነገር ተሳስቷል ብለን እናምናለን። ሲጻፍ እንዴት ይከብዳል!

ሦስት ሴንቲሜትር

በኛ ሙያ አለመስማማት የዕለት እንጀራ ነው። የሱ ንባብ ከኔ በሦስት ሴንቲሜትር ከተለየ የመለኪያ መሣሪያችንን፣ ቶታል ስቴሽኑን፣ ነቅለን እንደገና እንተክላለን። እውነቱን ለመናገር፣ ልዩነት ሲመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው። እሱ ጥንቁቅ ነው። የባለ ሦስት እግሩን እያንዳንዱን እግር ረግጦ፣ ነቅንቆ፣ ደግሞ ይረግጠዋል። እኔ አንዴ ረግጬ አልፋለሁ።

ፈላስፎች ይህን ጉዳይ ይዘው ሲከራከሩ አንብቤያለሁ። በእውቀትም በማስተዋልም የሚስተካከልህ ሰው፣ አንተ ያየኸውን ሁሉ አይቶ፣ ሌላ መልስ ላይ ከደረሰ ምን ታደርጋለህ? አንደኛው ወገን እርግጠኝነትህን ዝቅ አድርግ ይላል። ሌላው ደግሞ በያዝከው ብትጸና ማንም ሞኝ ሊልህ አይችልም ባይ ነው። ቅየሳ ላይ እኔ ያለ ክርክር የመጀመሪያው ወገን ነኝ። ሃይማኖት ላይ ግን፣ ከገዛ ዓይኔ ይልቅ የማምነው ሰው አላህ አልወለደም አልተወለደም እያለ ሲሰግድ እያየሁ፣ መሣሪያዬን ነቅዬ እንደገና ተክዬ አላውቅም። እሱም የኔን መስቀል አይቶ አልነቀለም። ለሦስት ሴንቲሜትር እንቅልፍ የምናጣ ሰዎች!

ስንፍና ነው? ፍርሃት ነው? ብዙ ሳምንት እንደዚያ ሲመስለኝ ቆየ። አንድ ቀን የአንድ ማሳ ጥግ ላይ የጠፋ ቤንችማርክ፣ ማለትም ልኬት የሚነሳበት ቋሚ ምልክት፣ ስንፈልግ ነው ነገሩ ሌላ መልክ የያዘልኝ። ልኬታችን አልገጠመም ነበር። ሣሩ ውጦታል። በዱላ እየነካካን ቆይተን ኮንክሪቱ ኳ አለ። አፈሩን በእጄ ጠረግኩ። መሃሉ ላይ ያለችው የብረት ሚስማር ዝጋ ቀልታለች። ከዚያ ብንለካ ጥፋቱ የኔ ሆነ፤ እንደተለመደው። ሁለታችንም ለያቺ ሚስማር ስለምንገዛ ነው ጭቅጭቁ እዚያው ያበቃው።

ሃይማኖት ላይ እንዲህ ዓይነት ሚስማር የለንም። እኔ በወንጌል እንየው ስል እሱ በቁርኣን እንየው ይላል። በተአምር ብል እሱም ቤት ተአምር ሞልቷል። በአእምሮ እንየው ብንባባል እንኳ፣ ለአእምሮ ስንት ሥልጣን ይሰጠው የሚለው ራሱ ያጣላናል። ሜትሩን ለመለካት ሌላ ሜትር እንፈልጋለን፤ እሱን ደግሞ የምንለካበት ሌላ።

እዚህ ላይ ሙያዬ አንድ ማጽናኛ አቀበለኝ። የድሮ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው፤ ስሙን ያገኘው በሱዳንና በግብጽ ድንበር አካባቢ ካለ የመለኪያ ነጥብ ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው መነሻ ሌላ ነው። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ሁለት አድራሻ ይኖረዋል፤ በመሃላቸው 200 ሜትር ገደማ አለ። ሁለቱም ግን ልክ ናቸው። ታዲያ ሃይማኖትም እንዲህ ቢሆንስ? አንድ አምላክ፣ ሁለት መነሻ። ደስ ብሎኝ ሮጬ ነገርኩት።

ሳቀብኝ። «ከአዲንዳን ወደ ጂፒኤስ የሚቀይር ቀመር አለ» አለኝ። «እስቲ ያንተን ቀመር አምጣው። ልጅ አለው የሚለውን ልጅ የለውም ወደሚለው ቀይርልኝ።» ዝም አልኩ። «ሁለታችንም ልክ ነን ካልክ እኮ የኔንም አላመንክ፣ የራስህንም አላመንክ። ሦስተኛ ሃይማኖት መፍጠርህ ነው።»

ነገሩ አናደደኝ። ግን እውነቱን ነው።

እንፍራንዝ እና ባግዳድ

ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ እንፍራንዝን ስንት ጊዜ አልፈናታል። ቁርስ በልተን እንሄዳለን፤ ሌላ ነገር አናስብም። ከአርባው በኋላ ግን አንድ ጠዋት እዚያው ሻይ ይዘን ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ነገርኩት። ስለ ንጉሡ ሳይሆን ስለ ፈላስፋው። ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ባወጀ ዘመን ተሰዶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ኖረ፤ በኋላ እንፍራንዝ ገብቶ ተቀመጠ። ሐተታ በሚባለው መጽሐፉ ላይ የሚያነሳው ጭንቀት የኔው ነው። የፈረንጁ መምህር መጽሐፍን እንደ ሃይማኖቱ ይፈታል፣ የግብጹም እንደ ሃይማኖቱ። እስላምና አይሁድ ብትጠይቅም ያው ነው። ሁሉም የኔ ሃይማኖት ልክ ነው ይላል። ታዲያ ማን ይፍረድ? እሱ ፈጣሪ በሰጠን ልቡና እንመርምር ብሎ ወሰነ።

(የሚገርመው የመጽሐፉ ነገር ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ይህ የዘርዐ ያዕቆብ ሥራ አይደለም፣ የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካቶሊክ ሚስዮናዊ ነው አለ። ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የራሱ የኢትዮጵያዊው ነው ብሎ ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ያው ብራና፣ ያው ግእዝ፣ ሊቅና ሊቅ፤ ግን አልተስማሙም። ስለ አለመስማማት የተጻፈ መጽሐፍ እንዲህ ሲሆን ምን ይባላል?)

ጓደኛዬ ሻዩን አማስሎ «እኛም አለን» አለኝ። ባግዳድ ያስተማረው አል ገዛሊ። እ.ኤ.አ. በ1111 ነው የሞተው። ገና በወጣትነቱ አንድ ነገር አስተዋለ፦ የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን ሆኖ ያድጋል፣ የአይሁድ ልጅ አይሁድ፣ የሙስሊም ልጅ ሙስሊም። ታዲያ ከወላጅ ከተቀበልነው ውስጥ እውነቱ የቱ ነው ብሎ መቆፈር ጀመረ። ቆፍሮ ቆፍሮ ዓይኑንም አእምሮውንም ማመን አቃተው። ሁለት ወር ያህል እንደዚያ ታመመ። የዳነውም በክርክር አይደለም፤ አላህ በልቡ ባኖረው ብርሃን ነው ይላል ራሱ።

አንዱ ወደ አእምሮ፣ ሌላው ወደ ብርሃን። እኛም በየፊናችን አንዳንድ ሰው ጠርተን ሻያችንን ጨረስን። ማንንም አላሸነፍንም።

የገዛሊ ነገር ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ። እኔ አዲስ ዓለም ብወለድ ኖሮ ዛሬ ሰጋጅ ነበርኩ። ይህን መካድ ውሸት ነው። ግን ከዚህ ምን ይከተላል? አልቪን ፕላንቲንጋ የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ እንደሚለው ይህ ክርክር ራሱን ይበላል። ሌሎች ስላልተስማሙህ እምነትህን ተው የሚለኝ ሰው፣ በዚህ በራሱ አባባል የማይስማሙት ሞልተዋል። ሃይማኖት የለኝም የሚለውም ሌላ ቦታ ቢወለድ ቆራቢ ይሆን ነበር። ይህ ትንሽ አስተነፈሰኝ። ብዙ ግን አላሳረፈኝም። ከክስ ነጻ መውጣትና እውነት መያዝ ይለያያሉ።

ደግሞ ሚስማሩ አንድ ቢሆን ኖሮስ እንስማማ ነበር? እዚህ ላይ ጎንደር መጥፎ ምስክር ናት። የቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ወገኖች፣ ቅባትና ተዋሕዶ፣ በነገሥታቱ ፊት ሲሟገቱ የያዙት ያው መጽሐፍ፣ ያው ሃይማኖተ አበው ነበር። እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው የምትለው የሐዋርያት ሥራ ቃል ትውልድ አጨቃጭቃለች። በቃል ብቻም አልቀረም፣ ደም ፈሷል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው በሥልጣን እስኪዘጉት ድረስ አልተቋጨም። ያው ከተማ ግን «አንድም» የሚለውን የትርጓሜ ስልት አደርጅታ ለአገር አስተማረች። ለአንድ ጥቅስ አንድ ፍቺ ይሰጣል፤ «አንድም» ተብሎ ሌላው ይቀጥላል። ላይ ቤት የሚባለው የትርጓሜ ወገን እንዲህ ይላል፣ ታች ቤት የሚባለው እንዲያ። ማንም አይሰረዝም። አንዲት ከተማ ሁለቱንም እንዴት እንደቻለችበት አላውቅም። እኔም አንዱ ጎኔ ባለ «አንድም» ነው፣ አንዱ ጎኔ ባለ ጉባኤ።

ቀይ ክር

የእናቴን ዕቃ ያነሳነው ከአርባው ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ አንድ ሰማያዊ ድስት አገኘሁ። አወቅኩት። የክዳኑ ጉጥ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። «የእስላም ድስት» ትለው ነበር። የኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። የጓደኛዬ እናት ሲመጡ፣ ወይ ድግስ ሲኖር፣ እሱ ይወርዳል። ሠራተኛ እንዳትሳሳት ነው ክሩ። አንዴ እኔ ልጅ ሆኜ ቅንጣቢ የምታህል ቋንጣ ላሞቅበት ስል እጄን በማማሰያ መታችኝ። ድስቱን ሦስት ቀን በአመድ ፈተገችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ አዲስ ዓለም ድረስ በእግሯ ወርዳ፣ ምን እንደሆነ ለጓደኛዬ እናት ነገረቻቸው። «አሁንም ትበይበት እንደሆን አንቺ ወስኚ፤ እምቢ ካልሽ ሌላ እገዛለሁ» አለቻቸው። ሌላ ተገዛ። ይህ ያ ሁለተኛው ድስት ነው።

ጋዜጣውን እንደያዝኩ አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ።

እ.ኤ.አ. በ1668 ቀዳማዊ ዮሐንስ በጠሩት ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር። እናቴም ለየች። ግን የሷ መለየት ሌላ ነገር ነው። ንጉሡ ሰው ገፉ፤ እሷ ድስት ገዛች። የጓደኛዬ እናት ስለ ሥጋ ያላቸው እምነት ትክክል ነው ብላ አታምንም ነበር። እንዲያውም ስንኖር ስንኖር አንድ ቀን ማርያም ታመጣቸዋለች የምትል ይመስለኛል። ግን እምነታቸውን እንደ ቁም ነገር ያዘችው። የልጇን እጅ እስከመምታት፣ ከመቀነቷ ፈትታ እስከመግዛት።

እኔስ? ጓደኛዬ ለምን ሙስሊም እንደሆነ ያለኝ ማብራሪያ ምን ነበር? ሐቁን ልጻፍ። «እዚያ ስለተወለደ ነው፤ ቢያስብበት ኖሮ…» የሚል ነገር ውስጤ ነበር። ቢያስብበት ኖሮ! ባለ ሦስት እግሩን ደጋግሞ የሚረግጠው ሰውዬ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። እኔ የራሴን መቼ አሰብኩበት? እምነቴ የመጣው ከክርክር አይደለም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ መብራት ሳይበራ፣ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ውዳሴ ማርያም ስታነበንብ ነው። ያን ድምፅ ሰምቼ የሚሰማት አካል የለም ማለት አልቻልኩም። ዛሬም አልችልም። ይህ ማስረጃ ነው? ለኔ ነው። ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ለጓደኛዬ የማሳየው ዓይነት ግን አይደለም። እሱም በዚያው ሰዓት፣ ቁልቁል ሰፈር፣ እናቱ ሰጋጃ ላይ ወድቀው ሲነሱ እያየ ነው ያደገው።

ስለዚህ አሁን ያለሁበት ቦታ ይህ ነው፤ ጠንካራ ቦታ ነው አልልም። ክርስቶስ አምላክ ነው ብዬ አምናለሁ። ጓደኛዬ በዚህ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ይህን ላለሰልሰው አልችልም። ለምን ተሳሳተ ብትሉኝ ግን መልስ የለኝም። አላሰበም፣ አልሰማም፣ ልቡ ደንድኗል የሚሉት የድሮ መልሶቼ እሱ ላይ አይሠሩም። እሱ ላይ ካልሠሩ በማላውቀው ሰው ላይ በምን አፌ እናገራቸዋለሁ? ደግሞ አንድ ነገር መነቃነቁን አልደብቅም። ስለ ፍርድ ቀን የሚሰበከውን ስሰማ፣ ድሮ አሜን የምልበት ቦታ ላይ አሁን ጀሪካኑና ሳሙናው ይመጣብኛል። የንስሐ አባቴ ይህን ቢያነቡ ምን እንደሚሉኝ እፈራለሁ። አልነገርኳቸውም፤ ልነግራቸው ነው።

አሥራ አራት ዲግሪ

ባለፈው ሳምንት ከከተማ ወጣ ብለን እየሠራን ነበር። ቀትር ላይ ጓደኛዬ ሰጋጃውን ከመኪና አወጣ። የስልኩ ባትሪ አልቋል። ሰማዩ ደመና ነው። «አውጣልኝ እስቲ» አለኝ።

ከጎንደር መካ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 14 ዲግሪ ገደማ ናት። ቁጥሩን ራሱ ነው ድሮ አስልቶ ያስያዘኝ። ቶታል ስቴሽኑን ወደ ሰሜን ዜሮ አድርጌ ቀስ ብዬ አዞርኩት። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት። ቆለፍኩት። በመነጽሩ ሳይ መስመሩ አንዲት ግራር ላይ አረፈ። «ግራሯ ናት» አልኩት። ሰጋጃውን ወደ ግራሯ አነጠፈ።

ሲጨርስ ከኋላው ሄጄ ቆምኩ። «አባትህን» አልኩት፣ «የትም አላደረግኳቸውም። እሱን እኔ አላውቅም። ነፍስ ይማር ያልኩት ግን የምሬን ነው።»

ሰጋጃውን እያጠፈ ትንሽ አሰበ። «ያው እኔ የመለስኩልህን እኮ ነው» አለ። «እኔ ግን ስምንት ወር አልፈጀብኝም።»

ከዚያ መሣሪያው የሚያነጣጥርበትን ፕሪዝም አቀበለኝ። «ሂድ ቁም እዚያ፣ ሳይጨልም እንጨርስ። ደግሞ ቀጥ አድርገህ ያዘው።»